ሳልና መካንነት በአንድ ስላይድ ላይ

ላቦራቶሪ ውስጥ ጠብታ ናሙና ስላይድ ላይ አድርገን በማይክሮስኮፕ ስናይ ዓይናችን በመጀመሪያ የሚፈልገው ቅርጽን ሳይሆን እንቅስቃሴን ነው። ቅርጽ ያሳስታል። በሰገራ ናሙና ውስጥ የስብ ጠብታውም፣ የአየር አረፋውም፣ እርሾውም፣ የደም ሴሉም ክብ ክብ ሆኖ ይታያል፤ አንዱን ከሌላው ለመለየት ጊዜና ትዕግሥት ይጠይቃል። የሚንቀሳቀሰው ግን ማንነቱን ለመናገር አይዘገይም። ጃርዲያ ከሆነች እየተገለባበጠች ታልፋለች። ትሪኮሞናስ ከሆነች በዙሪያዋ ያሉትን ሴሎች እየገፋች ባለችበት ትርገፈገፋለች። የወንድ ዘር ፍሬ ከሆነ ደግሞ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ወደ ፊት ይገሰግሳል። ሐዋሳ ውስጥ በዚህ ሥራ ላይ ጥቂት የማይባሉ ዓመታት አሳልፌያለሁ፤ አሁንም ግን አንድ የሚንቀሳቀስ ነገር ሌንሱ ሥር ብቅ ሲል ወንበሬን ወደ ፊት ሳላስጠጋ አላልፍም።

ናሙና የሚያመጡ ሰዎች «ቶሎ አምጡ፣ እንዳይቀዘቅዝ» ስንላቸው የተቆጣናቸው ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ይኸው እንቅስቃሴ ነው። ትሪኮሞናስ ናሙናው ሲዘገይና ሲቀዘቅዝ መንቀሳቀሷን ታቆማለች፤ ያኔ ከነጭ የደም ሴል መለየት እጅግ ያስቸግራል። በሽታው እያለ «የለም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ከላይ የጠራኋቸው ሦስቱ በኑሯቸው ጨርሶ አይገናኙም። አንዷ የአንጀት ጥገኛ ናት፤ ሁለተኛዋ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የምትተላለፍ በሽታ አምጪ ናት፤ ሦስተኛው የብዙ ቤተሰብ ተስፋ የተንጠለጠለበት ነው። የሚያንቀሳቅሳቸው መሣሪያ ግን አንድ ነው። ረጅምና ጥቂት ሲሆን ፍላጀላ፣ አጭርና ብዙ ሲሆን ሲሊያ ይባላል እንጂ የውስጥ አሠራሩ አይለያይም። ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር አራት ሺህኛ ያህል ብቻ ነው። አግድም ተቆርጦ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ዙሪያውን ዘጠኝ ጥንድ ቱቦዎች፣ መሐሉ ላይ ደግሞ ሁለት ነጠላ ቱቦዎች ቆመው ይገኛሉ። በዘጠኙ ጥንዶች ላይ ዳይኒን ከሚባል ፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን ክንዶች ተተክለዋል። ስሙን ያወጡለት ኢያን ጊበንስና ባልደረባው በ1965 ነበር (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ክንዶቹ የሴሉን ኃይል እየተጠቀሙ አጠገባቸው ያለውን ጥንድ ይገፋሉ። ጥንዶቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ እንደ ልብ መንሸራተት አይችሉም፤ ግፊቱ ወደ መታጠፍ ይለወጣል። አንዴ በዚህ ወገን፣ አንዴ በዚያ ወገን ሲታጠፍ ጅራቱ ይወዛወዛል።

ዘጠኝ በዙሪያ፣ ሁለት በመሐል። ይህ አሰላለፍ በሰው ጉሮሮ ውስጥ ይገኛል፤ በጃርዲያ ስምንት ጅራቶች ውስጥ ይገኛል፤ ኩሬ ውስጥ በሚኖሩ ባለ አንድ ሴል አልጌዎች ውስጥም ይገኛል። ከአንድ ቢሊዮን ዓመት በላይ ሳይለወጥ የቆየ ውርስ ነው። የኔዘርላንዱ የጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሊዌንሁክ ራሱ በሠራው ሌንስ በ1677 የወንድን ዘር፣ በ1681 ደግሞ ተቅማጥ ይዞት ሳለ በገዛ ሰገራው ውስጥ ጃርዲያን ሲያይ፣ በሁለቱም ያየው የዚህን አንድ መሣሪያ ሥራ ነበር። እኔን በዚህ ሙያ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ ይህ ነው። ሕይወት ለወዳጅና ለጠላት የተለያየ ሞተር አልሠራችም።

የጠላቱን ነገር ለማየት ከሐዋሳ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጠዋት አሞራ ገደል የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ዳር አስይዘው ቆሮሶና አምባዛ ያወርዳሉ፣ አባ ኮዳዎቹ የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ፣ ልጆች እስከ ጉልበታቸው ውኃ ውስጥ ቆመው መረብ ያጥባሉ። የሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ ከሚገኝባቸው የአገራችን ቦታዎች አንዱ ነው። ከእነዚህ ልጆች የአንዱ ሰገራ ወደ እኛ ሲመጣ በጎኑ እሾህ ያበቀለ ረዘም ያለ የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል አንዳንድ ጊዜ እናገኛለን። እሾሁን አይቶ ውጤቱን መጻፍ ይቻላል። ሌንሱን ከፍ አድርጎ ለሚታገሥ ሰው ግን እንቁላሉ ውስጥ ሌላ ነገር አለ። ከቅርፊቱ ሥር፣ እጭዋ ገላ ውስጥ፣ ጥቃቅን ነጥቦች ሳያቋርጡ ይርገበገባሉ። ቆሻሻ ፈሳሽ የሚያስወጡ ሴሎቿ ናቸው፤ የሚርገበገቡትም ሲሊያቸው ነው። እንቁላሉ በሕይወት መኖሩን የምናውቀው በዚህ ነው።

ያ እንቁላል ንጹሕ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይፈለፈላል። የምትወጣው እጭ ገላዋ በሙሉ ሲሊያ ለብሷል። ምግብ አትበላም፤ ያላት ጊዜ አንድ ቀን ብትቆይ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የምትፈልገውን ዓይነት ቀንድ አውጣ ካላገኘች ትሞታለች፤ ካገኘች ግን ከዚያች አንዲት እጭ በሺህ የሚቆጠሩ ዘሮች ይወጣሉ። የሚዋኙት ተመልሰው የሰውን ቆዳ ለመብሳት ነው። (እነዚህኞቹ ጅራታቸው ጫፉ ላይ ሹካ ነው፤ የሚያንቀሳቅሰው ግን ጡንቻ እንጂ ፍላጀለም አይደለም፤ ተማሪዎች ሁልጊዜ ያምታቱታል።) ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህን ሰንሰለት መበጠሻ ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኙ። ቀንድ አውጣ ከሌለ ያቺ ሲሊያ የለበሰች እጭ መድረሻ የላትም። ለዚህ ሥራ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀብለዋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለ የምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በልጅነቴ እናቴ ነጠላዋን በእንዶድ ስታጥብ አረፋውን እያየሁ አድጌያለሁና ይህን ታሪክ ሳስተምር ድምፄ ከፍ ይላል።

ስለ ጅራት ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ትኩሳት ይዞት ሕክምና የሄደ የከተማችን ሰው ከሞላ ጎደል የዊዳል ምርመራ ወረቀት በእጁ ይዞ ያውቃል። ወረቀቱ ላይ «ኦ» እና «ኤች» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉ። ኦ የባክቴሪያው ገላ ነው፤ ኤች ደግሞ ጅራቱ ነው። የባክቴሪያ ጅራት ከላይ ከገለጽኩት ጋር ስም ይጋራል እንጂ ዝምድና የለውም፤ አይወዛወዝም፣ ሥሩ ላይ ባለ ሞተር እየተሽከረከረ ነው የሚገፋው። ምርመራው የሚያሳየው ሰውነታችን ይህን ጅራት ከዚህ በፊት አግኝቶ መከላከያ ሠርቶለት እንደሆነ ነው። ያገኘው ዛሬ ይሁን ከዓመታት በፊት፣ ታይፎይድ ይሁን የታይፎይድ ዘመድ የሆነ ሌላ ሳልሞኔላ፣ አንድ ወረቀት ለይቶ አይናገርም። ስለዚህ በአንድ የዊዳል ውጤት ብቻ «ታይፎይድ አለብኝ» ብሎ በየጊዜው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት መውሰድ ጉዳት ነው። ይህን በየቀኑ እናገራለሁ፤ እዚህም እጽፈዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንዱን ነገር ለውጬ እነግራችኋለሁ።

ባልና ሚስት ናቸው። ከተጋቡ ቆይተዋል፤ ልጅ አልመጣም። ሚስቲቱ የምርመራ ወረቀቶቿን የያዘች የፕላስቲክ ማኅደር በጉያዋ አቅፋ ነበር የመጣችው። የሆርሞን ምርመራ፣ አልትራሳውንድ፣ የማሕፀን ቱቦ ራጅ፣ ደግሞ ሌላ አልትራሳውንድ። ጠበል ሄዳለች። የባህል መድኃኒት ጠጥታለች። አማቷ በሰው ፊት የተናገሯትንም ሳልጠይቃት ነግራኛለች፤ እሱን እዚህ አልደግመውም። የባልየው ስም ያለበት ወረቀት በዚያ ማኅደር ውስጥ አንድም አልነበረም። በዚያን ቀን ግን አንድ ወጣት ሐኪም ሁለቱንም አብሮ አስቀምጦ «መጀመሪያ የእርስዎ ይታይ» ብሎት የዘር ፈሳሽ ምርመራ አዘዘ።

ባልየው ሴት ባለሙያ መሆኔን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ዕቃውን ሰጥቼው ምን ማድረግ እንዳለበት ስነግረው «እሺ እህቴ» ከማለት በቀር ቀና አላለም። እንዲህ ያለውን ሰው ማቻኮል አይገባም። ቢያንስ ሁለት ቀን፣ ቢበዛ ሰባት ቀን ከግንኙነት ርቆ መምጣቱን፣ ናሙናው ምንም ሳይፈስ ሙሉ መሆኑን ጠየቅሁት። ፈሳሹ በራሱ እስኪቀጥን ጠበቅሁ። ከዚያ ጠብታውን ስላይድ ላይ አድርጌ ተመለከትኩ።

ብዛታቸው ጥሩ ነበር። ቅርጻቸው ያን ያህል የሚያስከፋ አልነበረም። ግን አንድም አይንቀሳቀስም። ስላይዱን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ላይ ወሰድኩት፤ ጭንቅላታቸው በየአቅጣጫው፣ ጅራታቸው ቀጥ ብሎ እንደ ተዘረጋ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ መሠረት ከመቶ 42 እና ከዚያ በላይ መንቀሳቀስ ይጠበቃል። እዚህ ባዶ ነው። እንዲህ ሲሆን ባለሙያ መጀመሪያ የሚያስበው «ሞተዋል» ብሎ ነው፤ ናሙናው ቀዝቅዞ ይሆናል፣ ዕቃው ውስጥ ሳሙና ቀርቶ ይሆናል። ናሙናው ግን እዚያው ተወስዶ ነው የመጣው፤ ዕቃውም ንጹሕ ነው። ኢዮሲን የሚባለውን ቀይ ቀለም ጨመርኩበት። ቀለሙ የሞተውን ሴል ሰርስሮ ይገባና ያቀላዋል፤ በሕይወት ያለው ግን በሩን ዘግቶ ነጭ ሆኖ ይቀራል። አብዛኞቹ ነጭ ናቸው። በሕይወት አሉ፤ መንቀሳቀስ አይችሉም።

በዚህ መሐል ኮሪደሩ ላይ ባልየው ይስል ነበር። ደረቅ ሳል አይደለም፤ ከሥር የሚመጣ፣ አክታ ያለበት ነው። በመሐረብ ይይዘዋል። ወጥቼ ሳሉ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅሁት። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ፤ የጠየቅሁት ነገር እፎይታ የሰጠው መሰለኝ። «ይሄማ አብሮኝ ያደገ ነው። እናቴ ‹ብርድ አይችልም› ትል ነበር» አለኝ። አፍንጫውም ዓመቱን ሙሉ እንደ ታፈነ ነው። ጆሮው በልጅነቱ ይፈስ ነበር። አክታው ውስጥ ምንም ሳይገኝ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ከአንድ ጊዜ በላይ ወስዷል። ሚስቲቱ አጠገቡ ቆማ ትሰማለች፤ ሳሉን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች፣ ሌሊት ሌሊት የምትሰማው እሷ ናትና። ከልጅ ጉዳይ ጋር ይገናኛል ብሎ ግን የነገራት ሰው አልነበረም።

ውጤቱን ለታካሚ የሚነግረው ሐኪሙ ነው፤ ደንቡ እንዲያ ነው፣ ትክክልም ነው። እኔ ስልክ አንሥቼ ለሐኪሙ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ ነገርኩት፦ በሕይወት ያለ ግን የማይንቀሳቀስ ዘር፣ ከልጅነት የመጣ እርጥብ ሳል።

እነዚህን ሁለት ነገሮች በጅራቱ ውስጥ ያገናኛቸው ቢዮርን አፍዜሊየስ የተባለ የስቶክሆልም ሰው ነው። ታሪኩን ስላነበብኩት ነው ያን ዕለት ወደ ኮሪደሩ የወጣሁት። አፍዜሊየስ በ1959 የባሕር ጃርት የምትባለውን እንስሳ ዘር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር በዘጠኙ ጥንዶች ላይ የተተከሉትን ክንዶች አየ። በዚያን ጊዜ ክንዶቹ ለሰው ሕክምና ምን እንደሚጠቅሙ የሚያውቅ አልነበረም። ከዓመታት በኋላ ዘራቸው የማይንቀሳቀስ ወንዶችን ናሙና በዚያው መሣሪያ ሲያይ ክንዶቹ የሉም። እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያስሉ፣ ሳይነስ የሚባለው በአፍንጫ ዙሪያ ያለው የፊት አጥንት ክፍተታቸው የሚያመረቅዝ ሆነው ተገኙ። ገሚሶቹ ደግሞ ልባቸው በቀኝ በኩል ነበር። ይህን በ1976 አሳተመ። ሳሉን፣ ሳይነሱንና የልቡን መገልበጥ በ1933 ማነስ ካርታገነር የተባለ የዙሪክ ሐኪም በአንድ ስም ሰብስቧቸው ነበር፤ ምክንያታቸውን ግን አላወቀም። ምክንያቱን ያገኘው የባሕር እንስሳ ዘር ሲያጠና የኖረው ሰው ነው።

ሳሉን ለመረዳት ወደ አየር ቧንቧችን መግባት ያስፈልጋል። የቧንቧው ግድግዳ እያንዳንዳቸው ሁለት መቶ ገደማ ሲሊያ ባበቀሉ ሴሎች ተሸፍኗል። ከላያቸው ስስ አክታ ተነጥፏል፤ የምንተነፍሰው አቧራ፣ ጭስና ተሕዋስ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ሲሊያዎቹ በሴኮንድ ከአሥር ጊዜ በላይ እየመቱ ያንን አክታ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል። ሁሉም በአንድ ቅጽበት አይመቱም፤ አንዱ ሲጨርስ ቀጣዩ ይቀበላል። ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ምእመናን ከወንዝ እስከ ቅጥሩ ተሰልፈው ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚቀባበሉት ማለት ነው፤ ማንም ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ ድንጋዩ ግን ዳገቱን ይወጣል። በደቂቃ የሚሄደው ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ጉሮሮ ሲደርስ ሳናውቀው እንውጠዋለን። ይህ ሥራ ቀንም ሌሊትም አያቆምም።

ክንድ ያጣ ሲሊያ ይህን መሥራት አይችልም፤ ይህ ከውልደት የሚመጣ የሲሊያ በሽታ በሕክምና ቋንቋ ፕራይመሪ ሲሊያሪ ዲስኪኔዢያ ይባላል። አክታው ባለበት ይቀራል፤ ተሕዋስ ይራባበታል፤ የሳንባው ቧንቧዎች እያመረቀዙ ይሰፋሉ። የቀረው አማራጭ ሳል ነው። ያ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲስል የኖረው ሲሊያዎቹ መሥራት የነበረባቸውን በደረቱ ጉልበት ሲሠራ ነው። ይህን ሳስብ «ብርድ አይችልም» የሚለው ቃል ልቤን ይነካዋል።

የልቡን ነገር ብዙ ሰው አያምነኝም። ጽንስ ገና ከምስር ፍሬ ባነሰበት ጊዜ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነው። በዚያ ወቅት በጽንሱ ላይ በምትገኝ ትንሽ ጉድጓድ መሳይ ቦታ ያሉ ሲሊያዎች እየተሽከረከሩ ፈሳሹን ወደ ግራ ይገፉታል። ልብ፣ ጉበት፣ ጣፊያ ቦታቸውን የሚይዙት ይህን ፍሰት ምልክት አድርገው ነው። በ1998 በቶኪዮ የኖቡታካ ሂሮካዋ ቡድን በአይጥ ጽንስ ላይ አሳይቶታል። ሲሊያው የማይሠራ ከሆነ አቅጣጫ የሚነግር የለም፤ ልብ በዕጣ ይወድቃል ማለት ይቻላል። ከእነዚህ ሕሙማን ገሚሱ ልባቸው በቀኝ፣ ገሚሱ በግራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የእኛ ሰው ራጅ ተነሣ። ልቡ በግራ ነው፤ በቦታው። ያ በሽታውን አያስቀርም፤ ገሚሱ እንዲያ ነውና። የሳንባው የታችኛው ክፍል ግን ቧንቧዎቹ ሰፍተው ታዩ። ሐኪሙ ጥርጣሬውን ጽፎ ወደ አዲስ አበባ ላካቸው። በሽታውን ለማረጋገጥ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ወይም የዘረመል ምርመራ ያስፈልጋል፤ እስካሁን ከ50 በላይ ጂኖች ተለይተዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚተላለፈውም ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ጉድለት ያለበት ቅጂ ሲወረስ ነው። በእኛ ዘንድ ሁለቱም መሣሪያዎች የሉም።

ስለ ሚስቲቱ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። እነዚያን ሁሉ ምርመራዎች ያለፈችው፣ ያን ሁሉ ቃል የሰማችው፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራ በዋጋ ከሁሉም የረከሰ፣ በጊዜም ከሁሉም ያጠረ ሆኖ ሳለ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው አንድ ስላይድና አንድ ዓይን ነው። ልጅ ያጡ ጥንዶች በመጡ ቁጥር ወንዱ መጀመሪያ ወይም ቢያንስ አብሮ መመርመር አለበት። ይህን ለመቀበል የሚከብደን ሳይንሱ አይደለም፤ «መካን» የምንለው ሴቷን ብቻ ለማድረግ ስለ ለመድን ነው። ሲሊያ በሴቷ የማሕፀን ቱቦ ውስጥም አለ፤ እንቁላሉን ወደ ማሕፀን ለማድረስ ያግዛል። በሽታው በሴትም ይመጣል፣ መጽነስን ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው ለሁለቱም ነው።

ሌላው የሚያሳስበኝ ልጆቹ ናቸው። ያ ሰው አንድ ጊዜ ልጅ ነበር። ብዙ ሐኪም አይቶታል፤ ጆሮውን ያየ አለ፣ ሳንባውን ያየ አለ፣ አፍንጫውን ያየ አለ። ልጅ ሲያስል የሚታሰቡ ሌሎች ብዙ ምክንያቶች አሉ፤ አብዛኛው ጊዜም እነሱ ናቸው። ጉንፋን አለ። ትክትክ አለ፤ ባክቴሪያው ሲሊያው ላይ ተጣብቆ ባለ ሲሊያ ሴሎቹን ራሳቸውን በመርዙ ይገድላል፤ አዲስ ሴል እስኪበቅል ድረስ ሳሉ ለሳምንታት የማይለቀው ለዚህ ነው። ክትባቱ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚሰጠው ውስጥ አለና አታሳልፉት። የማገዶና የከሰል ጭስ አለ፤ ሲሊያን ያደክማል፤ ሲጋራም እንደዚሁ። አስም አለ፣ ሳንባ ነቀርሳ አለ።

ነገር ግን ልጁ ጊዜውን ጨርሶ ተወልዶ ሳለ ከተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወይም ቀናት ውስጥ መተንፈስ ያቃተው፣ ኦክስጅን የተሰጠው ከነበረ፤ አክታ ያለበት ሳል ከጨቅላነቱ ጀምሮ በክረምትም በበጋም ካልለቀቀው፤ አፍንጫው ዓመቱን ሙሉ ከታፈነ፤ ጆሮው በተደጋጋሚ ካመመው፤ እነዚህን አንድ ላይ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል። አንዱን ዛሬ ለአንዱ፣ ሌላውን በሌላ ጊዜ ለሌላው መንገር አይበቃም። ሐኪሙም የልቡን ድምፅ በቀኝ ደረት ላይ ጭምር ያዳምጥ። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሚሠራበት ቀላል መፈተሻ አለ፤ ትንሽ ሳካሪን አፍንጫ ውስጥ ይደረግና ታካሚው ጣፋጭ ጣዕም እስኪሰማው ይጠበቃል። ሲሊያው የሚሠራ ከሆነ ሳካሪኑን እየገፋ ጉሮሮ ያደርሰዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ። ጣዕሙ በአንድ ሰዓትም ካልተሰማ ጥርጣሬ ይፈጠራል። ዝም ብሎ መቀመጥ ለማይችል ሕፃን አይሆንም፤ ጉንፋን የያዘውንም ያሳስታል። ማረጋገጫ አይደለም፤ ግን ወደ ትልቅ ሆስፒታል ለመላክ ምክንያት ይሆናል።

ሁሉም ሲሊያ የሚወዛወዝ አይደለም። አብዛኞቹ የሰውነታችን ሴሎች አንድ አንድ የማይንቀሳቀስ ሲሊየም አላቸው፤ ሥራው በዙሪያው ያለውን መቀበልና ለሴሉ መንገር ነው። የኩላሊት ቱቦ ሴሎች ላይ ያለው ሲበላሽ ኩላሊት በውኃ በተሞሉ ከረጢቶች ይወረራል። ዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚቀበሉት ሴሎችም ተቀባይ ክፍላቸው የተለወጠ ሲሊየም ነው፤ በዚህ ጉድለት ሳቢያ በልጅነት መጀመሪያ በምሽት፣ ኋላ በቀንም ማየት የሚሳናቸው አሉ። ይህ ራሱን የቻለ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል መድኃኒት የለም። የሚደረግ ነገር ግን አለ፤ ቀደም ብሎ ሲጀመር ደግሞ ሳንባን ያተርፋል። በየቀኑ በእንቅስቃሴና በአተነፋፈስ ዘዴ አክታን ማውጣት፣ ኢንፌክሽን ሲነሣ ሳይዘገዩ ማከም፣ ክትባት፣ ከጭስ መራቅ፣ የጆሮ ክትትል። ልጅን በተመለከተም በር አልተዘጋም። የማይንቀሳቀስ ግን በሕይወት ያለን አንድ ዘር በቀጭን መርፌ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ በዚህ መንገድ የመጀመሪያዎቹ ሕፃናት መወለዳቸው በ1992 ነበር የተነገረው። በእንቁላሉ ደጃፍ ድረስ መዋኘት ያልቻለውን ሰው እጅ ያደርሰዋል። አዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው፤ የግል ተቋማትም አሉ። ወጪው ለብዙዎቻችን ከባድ ነው። ቢሆንም ዘሩ በሕይወት መኖሩን ያረጋገጠው የቀይ ቀለም ምርመራ ባይሠራ ኖሮ «ሞቷል» ተብሎ ወረቀቱ ይዘጋ ነበር። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፣ እንቅስቃሴ ባዶ ሲሆንባችሁ ቀለሙን ሳትጨምሩ ውጤት አትጻፉ።

እኛ ጋ በሚሞላው የዘር ፈሳሽ መመርመሪያ ቅጽ ላይ ዕድሜ፣ ከግንኙነት የታቀበበት ቀን፣ ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት የሚሉ ክፍት ቦታዎች አሉ። «ከልጅነት የጀመረ ሳል አለ?» እና «ዓመቱን ሙሉ የአፍንጫ መታፈን አለ?» የሚሉ ሁለት መስመሮች እንዲጨመሩበት ጠይቄያለሁ። ቅጹ እስኪታተም ድረስ ጥያቄዎቹን በቃሌ እጠይቃለሁ፤ መልሱን በእስክሪብቶ ከግርጌ እጽፈዋለሁ።